ከገደሉ አፋፍ እስከ ባሕሩ ዳርቻ፦ የሳንቶሪኒ ወይን አምራቾችና መሬታቸው

በኤጂያን ባሕር፣ ከግሪክ ዋና ከተማ ከአቴንስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሳንቶሪኒ የምትባል ደሴት ትገኛለች። የአገሩ ሰዎች ቲራ ይሏታል። ስፋቷ 76 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነዋሪዎቿም 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ዋና ከተማዋ ፊራ ከባሕሩ ወለል 260 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ተሠርታለች። ከታች ካለው አሮጌ ወደብ እስከ ከተማዋ ከ580 በላይ የድንጋይ ደረጃዎች ያሉት ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል። ቀደም ባለው ጊዜ ሰውም ሆነ ጭነት ወደ ከተማዋ የሚደርሰው በእግርና በበቅሎ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን በገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ አለ።

ገደሉን የፈጠረው እሳተ ገሞራ ነው። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት ተራራው ፈንድቶ መካከሉ ሲሰምጥ ባሕር ገባበት፤ የቀረውም መሬት ግማሽ ጨረቃ መሰለ። አመዱ ደሴቲቱን በብዙ ሜትር ውፍረት ሸፈናት። ከአመዱ ሥር የተቀበረውን ጥንታዊ ከተማ በአክሮቲሪ በኩል ስፒሪዶን ማሪናቶስ የተባሉ የግሪክ አርኪዮሎጂስት በ1967 መቆፈር ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ በኩል ገደል የሆነው መሬት በሌላው በኩል ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ካማሪና ፔሪሳ በተባሉት ጥቁር አሸዋ በለበሱ የባሕር ዳርቻዎች ያልቃል። የገበሬው ማሳ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው። እንግዳ የሚመጣው ለገደሉ አፋፍና ለባሕር ዳርቻው ሲሆን፣ ወይኑ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ይኖራል።

አፈሩን ያየ ባለሙያ ሰብል ይበቅልበታል ብሎ ለመናገር ይቸገራል። አመድ፣ አሸዋና ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ነው፤ ብስባሽ እምብዛም የለውም፣ ሸክላነትም የለውም ማለት ይቻላል። የዓመቱ ዝናብ ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን የሚጥለውም በክረምታቸው ነው፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ጠብታ አይታይም ለማለት ይቻላል። ወንዝ የለም። በዚህ ላይ በበጋ ከሰሜን የሚነሣው ብርቱ ነፋስ አሸዋውን እያነሣ ለጋውን ቀንበጥ ይገርፋል።

ገበሬው ለዚህ ሁሉ ያገኘው መላ ከሌላው አገር የወይን እርሻ የተለየ ነው። ሐረጉን በእንጨት ወይም በሽቦ ላይ አይሰቅልም። በየዓመቱ በክረምት ቅርንጫፉን ሲገርዝ፣ የቀረውን ሐረግ ዙሪያውን እየጠመጠመ መሬት ላይ እንደተቀመጠ እንቅብ አድርጎ ይጎነጉነዋል። ይህን ኩሉራ ይሉታል። ፍሬው የሚያድገው በእንቅቡ ውስጥ በመሆኑ ነፋሱ ከውጭ ያልፋል፤ ቅጠሉም ከፀሐይ ይከልለዋል። ሌሊት ከባሕር የሚነሣውን ጉም ፑሚሱ መጥጦ ይይዝና ቀን ለሥሩ ይሰጣል። በማሳው ላይ ተክሎቹ ተራርቀው የሚተከሉትም ሥራቸው እርጥበት እንዳይሻማ ነው።

እንቅቡ በየዓመቱ ቀለበት በቀለበት ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ይቆርጠዋል፤ ከአሮጌው ሥርም አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። በዚህ መንገድ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ ሥሮች ዛሬም ፍሬ ይሰጣሉ። ፊሎክሴራ የተባለው ሥር መጣጭ ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ሲያወድም፣ ሸክላ በሌለው በዚህ አፈር ውስጥ መኖር ስላልቻለ ሳንቶሪኒን አልነካም። ሌላው አውሮፓ ወይኑን በአሜሪካ ሥር ላይ እያዳቀለ ሲተክል፣ የዚህ ደሴት ገበሬ ግን በገዛ ሥሩ ይተክላል።

ዋናው ዝርያ አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። በሙቀት ውስጥ በስሎም እንኳ ኮምጣጣነቱን አያጣም። ከዚሁ ፍሬ ሌላ ቪንሳንቶ የተባለ ጣፋጭ የወይን ጠጅ ይሠራል፤ ፍሬው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይጨመቅና በበርሜል ለዓመታት ይቀመጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቁርባን በብዛት ይላክ ነበር፤ ከ1917 አብዮት በኋላ ያ ገበያ ተዘጋ። ከወይን ሌላ በዝናብ ብቻ የሚበቅል ትንንሽ ቲማቲምና ፋቫ የሚሉት ጥራጥሬ ያመርታሉ። ፋቫ ለእኛ ጓያ የቅርብ ዘመድ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ ይገባል።

በ1947 የደሴቲቱ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒዮን አቋቋሙ። ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ 1956፣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ 53 ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ አቴንስ ተሰደደ። ዩኒዮኑ ግን ቀጠለ። በ1971 የሳንቶሪኒ የወይን ጠጅ ስሙ በሕግ ተጠበቀለት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ፍሬ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም ማለት ነው። በ1992 ዩኒዮኑ በፒርጎስ አቅራቢያ ዘመናዊ መጥመቂያ ሠራ። ገበሬው ፍሬውን ለብቻው ለነጋዴ ከማቅረብ ይልቅ ጨምቆና አሽጎ የሚሸጥ የራሱ ድርጅት አለው።

እስከዚህ ያለው ደግ ነው። አስቸጋሪው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በ2023 ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ደሴቲቱን ጎብኝቷል። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ማረፊያ ይሠራል፤ የሚሠራውም ወይን በነበረበት መሬት ላይ ጭምር ነው። የወይኑ መሬት ዛሬ 1,200 ሄክታር ቢሆን ነው፤ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው። የ2023ና የ2024 ምርት በድርቅና በሙቀት ክፉኛ ቀነሰ። ፍሬው በማነሱና ፈላጊው በመብዛቱ የአንድ ኪሎ ወይን ዋጋ በዐሥር ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ዋጋ ካደገ ገበሬው መሬቱን አይለቅም የሚሉ አሉ። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ግን ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ማሳ ላይ የሚቆም ማረፊያ ቤት የሚያስገባውን ገንዘብ ወይን ከቶ አያስገባም። ሆቴል ቢፈርስ እንደገና ይሠራል፤ የተነቀለ የሁለት መቶ ዓመት ሥር ግን አይተካም።

ችግሩ በሻጩ ማሳ ላይም አይቆምም። ተዳፋቱ በደረቅ ድንጋይ እርከን የተያዘ ነው። ባለቤቱ የተወው እርከን ሲናድ ጎርፉ ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ እንደሚወርድ ለማኅበር መሪዎች መንገር አያስፈልግም። ማሳን በመስኖ ማጠጣት የሚለው ሐሳብም ቀላል አይደለም፤ ደሴቲቱ የምትጠጣው በአብዛኛው ጨዉ የወጣለት የባሕር ውኃ ነው፤ ሆቴሎቹም ይፈልጉታል።

በየካቲት 2025 በደሴቲቱ አካባቢ መሬት ለሳምንታት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ ነበር። ጊዜው ሐረጉ የሚገረዝበትና እንቅቡ የሚጎነጎንበት ነበር። ይህን ሥራ መሣሪያ አይሠራውም፤ የሚያውቁትም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። መከሩም እንዲሁ ነው። ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ከእያንዳንዱ እንቅብ ውስጥ ዘለላውን በእጁ ያወጣል። መከሩ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ፣ ሆቴሎቹ እስከ አፋቸው በሚሞሉበት ወር ስለሆነ፣ አምራቹ ለቃሚ የሚፈልገው ሆቴሉ አስተናጋጅና አልጋ አንጣፊ በሚፈልግበት ሳምንት ነው።