የዋሽንግተኑ አበባ ለአዳማ ግቢ ይሆናል?

መጋቢት ሲጋመስ በብዙ የአዳማ አያቶች ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይገባል፦ ልጆቻችን በዋሽንግተን ከተማ፣ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባ በለበሱ ዛፎች ሥር ቆመው። ዛፉ የጃፓን ቼሪ ነው። የቶኪዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1912 የላከችው 3,020 ዛፍ ነው የዚያ ሁሉ መነሻ። ከሁለት ዓመት በፊት የመጡት 2,000 ዛፎች ግን ተባይና በሽታ ስለተገኘባቸው ተቃጥለው ነበር። «እኛስ ግቢ አይበቅልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጎረቤትም ከዕድርተኛም ይመጣልኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከመርፌ ይልቅ ስለ ችግኝ የሚጠይቀኝ በዝቷል።

አይሆንም። ቼሪ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው። ለብዙ ሳምንታት ጠንካራ ቅዝቃዜ ካላገኘ እንቡጡ በወጉ አይፈነዳም። የእኛ የኅዳር ሌሊት ቢቀዘቅዝም በማግሥቱ ፀሐዩ ይፋጃል። ልጆቻችሁ «በሻንጣ ይዤ ልምጣ» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ፤ ተባይ አገር የሚሻገረው እንዲሁ ነው።

ነጭ አበባ ከወደዳችሁ ዋንዛ አለላችሁ፤ በኦሮምኛ ዋዴሳ የምንለው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያብባል፤ አበባው ሲረግፍ ግቢው ነጭ ሥጋጃ የተነጠፈበት ይመስላል። ንብ ይወደዋል፤ እጅ ላይ የሚጣበቀው ጣፋጭ ፍሬውም ይበላል። እኔ ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ። ሐምራዊ ለሚወድ ጃካራንዳ አለ። ቀዩ የድሬዳዋ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ስለሆነ ሙቀቱን አይፈራም፤ ሥሩ ግን ወደ ጎን ስለሚሄድ ከግድግዳ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከሮቶ 10 ሜትር ያህል አርቁት። ቅርንጫፉም ተሰባሪ ነው፤ የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ተርባይን የሚያሽከረክር ነው።

ጉድጓዱን ከዝናቡ በፊት ቆፍሩ፤ ዝናቡ ሲጠና ትከሉ። በበጋ ሥሩ አጠገብ ቂጡ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀብራችሁ ውኃ ሙሉበት፤ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ፍየል እንዳይደርስበትም እጠሩት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በብዙ ግቢና አጥር ላይ አንድ የሚያምር ተክል አለ፦ ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ቢጫ ደወል የመሰለ፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈስ። አረንጓዴ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ቢጫ ኦሊያንደር ይባላል። ሮዝና ነጭ የሚያብበው ኦሊያንደርም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ክፍላቸው መርዝ ነው፤ የሚመታውም ልብን ነው። የቢጫው ዘር በተለይ አደገኛ ነው፤ ፍሬው ደግሞ ለሕፃን መጫወቻ ይመስላል። የልጅ ልጅ የሚመላለስበት ግቢ ውስጥ ካለ ያለ ርኅራኄ ንቀሉት። ጓንት አድርጉ፤ እንጨቱን ለማገዶ አታውሉት፤ ቅጠሉን ለከብት አትስጡ።

ሕፃን ካኘከው ምልክቱ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና መዛል ነው፤ ከዚያ የልብ ምት ይዘገያል ወይም ይዛባል። በሥራ ዘመኔ ቤት ውስጥ ወተት ሲጠጣ ሰዓቱ የነጎደበት ሕፃን ተቀብያለሁ። ወተት መድኃኒቱ አይደለም። ጣት ከትታችሁም አታስመልሱት። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ በውኃ አጉመጥምጡት፤ ከተክሉ ቅጠልና ፍሬ በፌስታል ያዙና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ። አስታውኮ ተሽሎት ቢጫወት እንኳ ሐኪሙ የልብ ምቱን ሳይከታተል ወደ ቤት አትመልሱት።