ሁለት ሰው የሚፈልግ ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1991 የኦሳካው ኩባንያ ካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2 የተባለውን የድብድብ ጌም ለጌም ቤቶች አቀረበ። ማሽኑ የሰው ቁመት ያህል ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ስክሪን፣ ከሥሩ ሁለት ጆይስቲክ፣ በእያንዳንዱ ጆይስቲክ ቀኝ ደግሞ ስድስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለርግጫ፣ ከቀላል እስከ ከባድ። ተጫዋቹ ሳንቲም አስገብቶ ከስምንት ተፋላሚዎች አንዱን ይመርጣል። ብቻውን የመጣ ሰው ኮምፒውተሩን ይገጥማል፤ ሌላ ሰው መጥቶ በሁለተኛው በኩል ሳንቲም ካስገባ ግን የተጀመረው ይቋረጥና ሁለቱ ይጋጠማሉ። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ወይ ይከፍላል ወይ ቦታ ይለቃል። ጆተኒ ሲጫወት ያደገ ሰው ሕጉን ያውቀዋል። የማሽኑ ትልቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮምፒውተሩን መግጠም ልምምድ ነው፤ ጌሙ የተበጀው ሰው የሰውን ሐሳብ እንዲያነብ ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ስትሪት ፋይተር እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ በቁልፍ ፋንታ ትልልቅ የጎማ ንጣፎች ነበሩት። ንጣፉ በኃይል በተመታ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ቡጢም ይከብዳል። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ በተግባር ግን ሰው ያደክማል፣ ማሽኑንም ይጎዳል፤ ስለዚህ በስድስት ቁልፍ ተተካ። የጌሙን ባሕርይ የወሰነው ይህ ለውጥ ይመስለኛል። የምቱ ክብደት ከክንድ ጉልበት ተላቅቆ የምርጫ ጉዳይ ሆነ። ከባዱ ቡጢ ብዙ ይጎዳል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከሳተም ክንዱ እስኪመለስ ድረስ ባለቤቱ መከላከል አይችልም። ቀላሉ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ ይመለሳል። እያንዳንዱ ቁልፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው ማዋጣት አለማዋጣቱ የሚታወቀው ባላጋራው በዚያች ቅጽበት በሚያደርገው ነው።

አንድ ሁኔታ ቀረብ ብለን እንይ። ሪዩ የተባለው ተፋላሚ ሃዶከን የሚባል የኃይል ኳስ ይወረውራል፤ ጆይስቲኩ ከታች ተነሥቶ በሩብ ክብ ወደ ባላጋራው ይዞርና የቡጢ ቁልፍ ይጫናል። ባላጋራው ጆይስቲኩን ወደ ኋላ ይዞ መከላከል ይችላል፤ ሆኖም ተከላክሎም ሲያልቅ ከሚሸነፍበት የጤና መስመሩ ትንሽ ይሸረፍበታል፣ ስለዚህ ሲከላከል ብቻ መዋል አይችልም። በኳሱ ላይ ይዘላል። ሪዩ ይህን ጠብቆ ከሆነ ሾርዩከን በተባለው ወደ ላይ በሚወጣ ቡጢ አየር ላይ ይቀበለዋል። ዝላዩ ኳሱ ከመወርወሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጀመረ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሪዩ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ከባድ ርግጫ ይወርድበታል፣ ሌላ ምትም ይከተላል። ይህ የገባው ሪዩ ሳይወረውር ይጠብቃል። መጠበቁን የተረዳ ባላጋራ ደግሞ መዝለሉን ትቶ በእግሩ ይጠጋና ይዞ ይጥለዋል፤ መያዝን መከላከል አያስቆመውም። ከእነዚህ ሁሉ መንገዶች ሁልጊዜ ትክክል የሚሆን አንድም የለም።

ይህ ሁሉ የእጅ ፍጥነት ነው፣ ሐሳብ የሚባል ነገር የለበትም የሚሉ አሉ። ቁጥሩን እንመልከት። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል፣ ያሳያል። ሰው ያየውን ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ከሩብ ሰከንድ ብዙም ያነሰ ጊዜ አይበቃውም፤ ይህ ወደ 15 ፍሬም ይጠጋል። ቀላል ቡጢ በጥቂት ፍሬም ይደርሳል፤ አይቶ የሚመልሰው ሰው የለም። ዝላይ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅ አይቶ መመለስ ይቻላል፤ ያውም ተጫዋቹ ዝላዩን እየጠበቀ ከሆነ ነው። ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ለሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ባላጋራው ምን እንደሚመርጥ አስቀድሞ ይገምትና ትኩረቱን እዚያ ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያው ኢቮ የተባለ የድብድብ ጌም ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ አሜሪካዊውን ጀስቲን ዎንግን የገጠመበት ዙር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጌሙ ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ ነበር፤ በውስጡ ምት ሊያርፍ ሲል ጆይስቲኩን ወደ ፊት የነካ ሰው ያለ ጉዳት ያመክነዋል። የዳይጎ ተፋላሚ ኬን ጤናው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ተከላክሎ እንኳ ይሸነፋል። ዎንግ ቹን ሊ በተባለችው ተፋላሚው 15 ምት ያለውን ልዩ ጥቃት ለቀቀ። ዳይጎ 15ቱንም አምክኖ በመልስ ጥቃት አሸነፈ። የመጀመሪያው ምት አይቶ ለሚወስን ሰው ጊዜ አይሰጥም፤ ዳይጎ ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆት ነበር። በዚያው ውድድር ፍጻሜ ላይ ግን በኬንጂ ኦባታ ተሸንፏል።

ሸምድዶ የሚደረግ ነገር መኖሩን አልክድም። ኮምቦ የሚባለው የምቶች ሰንሰለት መጀመሪያ ሳይታሰብ የተፈጠረ ነው፤ ሠሪዎቹ መኪና የሚሰባበርበትን ክፍል ሲፈትሹ አስተውለውት ሳያጠፉት ተዉት፣ ተጫዋቾችም አሳደጉት። ሰንሰለቱ የጣት ልምምድ ቢሆንም የሚጀምረው የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ነው፤ ያንን የሚያሳርፈው ደግሞ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ልዩ ጥቃቶችን በአንድ ቁልፍ ማውጣት የሚያስችል ቀላል አያያዝ አምጥቷል። የጣቱን ችግር ያቃልላል፤ የባላጋራውን ችግር ግን እንዳለ ይተወዋል።

የሚበረታው ተቃውሞ ስለ ጭካኔና ስለ ገንዘብ የሚነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሞርታል ኮምባት የተባለ ሌላ የድብድብ ጌም ደምና አሰቃቂ አገዳደል ስላሳየ ጉዳዩ በ1993 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ነበር፤ በዓመቱ የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ አካል ተቋቋመ፣ መቋቋሙም ተገቢ ነበር። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ማሽኑ ጀማሪን አብዝቶ ያስከፍላል፤ ብዙ የሚሸነፈው እሱ ነውና። ጥፋቱ እውነት ነው፤ አላስተባብለውም። ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት የስትሪት ፋይተር 2 ቅጂ በ1992 ለሱፐር ኔንቲዶ ሲወጣ ግን ክፍያው አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሰዎችም ያለ ሳንቲሙ መጋጠማቸውን ቀጠሉ።

በኢንተርኔት መጫወት ሲመጣ አዲስ ችግር ተፈጠረ፤ ትእዛዙ ከሩቅ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ፍሬሞች ይጠፋሉ፣ የባላጋራን ሐሳብ ማንበቡም ይበላሻል። ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን ጂጂፒኦ በተባለው ሶፍትዌር መፍትሔ አበጀለት። ሶፍትዌሩ የሩቁ ተጫዋች ቀድሞ ይጫን የነበረውን እንደያዘ ይቆያል ብሎ ይገምትና ጨዋታውን ያስኬዳል፤ ግምቱ ከሳተ ጥቂት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል።