ተስፋና ምኞት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

«ፍቅር እስከ መቃብር» በሐዲስ ዓለማየሁ ተጽፎ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በጎጃም፣ ማንኩሳ ውስጥ ነው። ማንኩሳ ከእንጅባራ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ ለአዊ አንባቢ ሩቅ አገር አይደለችም። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በፍቅር ታሪኩ ቢሆንም፣ የገጸ ባሕርያቱን ዕጣ የሚወስነው ማን ስለ ማን ተስፋ አደረገ የሚለው ጉዳይ ነው።

የወላጆች ስለት

ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ በተከታታይ ስለሞቱባት «ገፊ» ተብላ የተፈራች ሴት ናት። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ ድሃ ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ተጋብተው በዛብህን ይወልዳሉ። ልጁ በሕመም ሲሠቃይባቸው፣ ከዳነ ዕድሜውን በሙሉ ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ስለቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም በዛብህ ሳይጠየቅ የተገባ ቃል ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ተምሮ ካደገና ሰብለ ወንጌልን ከወደደ በኋላ ይህ ቃል ኅሊናውን ያስጨንቀዋል።

የፊታውራሪ መሸሻ ምኞት

የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን በዘር የሚመጥናት ባል ይመኙላታል። ጠያቂዎችን አንድ በአንድ ሲመልሱ የልጅቱ የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል። በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤታቸው ሲገባ፣ ሰብለ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆነ ተስፋ ታገኛለች። የድሃ ልጅ መሆኑ ግን ለአባቷ ይቅር የማይባል ጉድለት ነው።

ጉዱ ካሳ

የቤተሰቡ ዘመድ ካሳ ዳምጤ ስለ ራሱ ብዙም አይመኝም። የሚመኘው ሰው በዘሩ የማይለካበት ሥርዓት ነው። ማኅበረሰቡን በጊዜው ካልታደሰ በነዋሪዎቹ ላይ እንደሚፈርስ ሕንጻ ያየዋል። ይህን በመናገሩ እብድ ተብሎ «ጉዱ ካሳ» የሚል ስም ወጥቶለታል። መጽሐፉ ከታተመ ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ፣ የካሳ ንግግሮች ትንቢት መስለው መታየታቸው አያስገርምም። እሱ ግን የፈለገው ማፍረስን ሳይሆን ማደስን ነበር፤ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

መንገዱ

በዛብህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል። ሰብለም በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ልትፈልገው ትወጣለች። ዛሬ አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚጨርሰው የጎጃም መንገድ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ዐባይ በረሃን፣ ሽፍታንና በሽታን ማለፍ ማለት ነበር። በዛብህም እሷን ፍለጋ ሲመለስ መንገድ ላይ ክፉኛ ይጎዳል፤ ሰብለ የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት በተስፋ ነው፤ አንዳቸው ተስፋ ቆርጠው ቢቀመጡ ኖሮ ጨርሶ ባልተገናኙ ነበር። ሰብለ ከእሱ ሞት በኋላ መንና ቀሪ ዘመኗን በመቃብሩ አጠገብ ታሳልፋለች።

ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ሰዎች የሰብለንና የበዛብህን ታሪክ በጆሯቸው ተከታትለዋል።