ከቀብዱ በፊት ደረጃውን ቁጠሩ

የቤተሰብ ድግስ አድራሻ እየቀየረ ነው። ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበሩ ከዕድር መጥቶ፣ ጠላው ቀደም ብሎ ተጠንስሶ ይደረግ የነበረው የምረቃ፣ የልደትና የቀለበት ዝግጅት አሁን ወደ ሆቴል ሄዷል፤ ከሆቴልም ወደ መጨረሻው ፎቅ ወጥቷል። «ሩፍቶፕ» የሚለው ቃል የአዲስ አበባ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጎንደር ገብቷል፤ የዳባትን መንገድ ይዞም ደባርቅ ደርሷል። ግብዣው በስልካችን ይመጣል፦ ወርቃማ ፀሐይ፣ ረጅም ብርጭቆ፣ በሩቁ የሰሜን ተራሮች፣ ከሥሩ «ቀጥታ ሙዚቃ፣ ልዩ ቡፌ፣ የማይረሳ ምሽት»።

ምሽቱ በእርግጥ አይረሳም። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ግን በሌላ ነገር ነው፦ እንግዳው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወጡ ቀዝቅዞ፣ ማይኩ እየተቆራረጠ፣ ሒሳቡም ከተነገረው በላይ ሆኖ። ደጋሹ ቤተሰብ ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ለዓመታት የጠበቀውን ቀን በይቅርታ ሲያሳልፍ ይመሻል።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። ሥራዬ ሰው አንድን አገልግሎት እንዲፈልገው ማድረግ ስለሆነ ይህን ብስጭት ከሻጩም ከገዢውም በኩል የማየት ዕድል አለኝ። እንደማየው ከሆነ የብስጭቱ ምንጭ አንድ ነው፦ ሆቴሉ የሚሸጠው እይታ ነው፤ ቤተሰቡ የሚገዛው ዝግጅት ነው። እይታውን ተፈጥሮ በነፃ ሰጥታዋለች፤ ዝግጅት ግን ሰው፣ ዕቃ፣ ሰዓትና ኃላፊነት ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲቀላቀሉ ልዩነታቸው አይታይም። የሚታየው ሰገነቱ ላይ ከተወጣ በኋላ ነው።

ፎቶው ላይ የማይታይ ብርድ

ከተፈጥሮ እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ስንደርስ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በዚህ የከፍታ ልዩነት ብቻ ደባርቅ ከጎንደር በ4 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። ሰማዩ በሚጠራባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ማታ ቶሎ ትለቀዋለች። ፎቶውን ያሳመረው ጥርት ያለ ሰማይ፣ ማታ ብርዱን የሚያመጣውም እሱው ነው።

ፀሐይም እንግዳ አትጠብቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ማስታወቂያው ላይ ያየነው ወርቃማ ብርሃን ዕድሜው ደቂቃዎች ናቸው። «ከ12 ሰዓት ጀምሮ» የተባለ ፕሮግራም በለመድነው የሰዓት አከባበር 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጀመር፣ እንግዳው ከተራራው ይልቅ የሚያየው ጨለማውንና የከተማውን መብራት ነው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጉሙ ተራራውን ሸፍኖ ሊውል ይችላል፤ ዝናቡም ከሰዓት በኋላን ይወዳል። ብዙው የዩኒቨርሲቲ ምረቃ የሚደረገው ደግሞ በዚሁ በሰኔና በሐምሌ ነው። የሰኔ ጾምም እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ስለዚህ «ልዩ ቡፌ» ሲባል ለጾመኛው ምን ተዘጋጅቷል የሚለው ጥያቄ እንደ ተጨማሪ ምርጫ የሚታይ አይደለም፤ ከተጋባዦቹ ብዙዎቹ የሚበሉት እሱን ነው።

ሰገነቱ ለማን ተሠራ?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው፤ ጎብኚው ጉዞውን የሚያሰናዳው፣ አስጎብኚና ስካውት የሚይዘው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት የከተማዋ ሆቴሎች ለብዙ ዓመታት አጥንተው የሚያውቁት ደንበኛ ተራራ ወጪውን ነው። ይህ ሰው ጭላዳና ዋልያ አይቶ ደክሞት ይመለሳል። የሚፈልገው ሙቅ ውኃ፣ አንድ ቢራና ንጹሕ አልጋ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ቢበርደው የተራራ ጃኬቱን ለብሷል። ለእሱ ሰገነቱ ላይ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ በቂ ናቸው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውጊያው ዳባት ወረዳ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። የውጭ እንግዳ ሲጠፋ የሆቴሉ ደመወዝና የባንክ ዕዳ አይጠፋም። ስለዚህ ባለ ሆቴሉ ፊቱን ወደ አገሬው ደንበኛ ማዞሩ ተገቢ ነው፤ ሠራተኛውንም ከመበተን የሚያድን ውሳኔ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ ማስመረቅ ከጀመረ ወዲህ ወላጅና ዘመድ አዝማድ ወደ ከተማዋ ይመጣል።

ችግሩ ደንበኛው ሲቀየር ሰገነቱ ባለበት መቆየቱ ነው። ለደከመው ተጓዥ በተሠራ ቦታ ላይ ሃምሳ ሰው፣ ሽማግሌና ሕፃን፣ ቡፌና ድምፅ ማጉያ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ፎቅ ለፎቅ ይመላለሳል፤ ምግቡ ከኩሽና ጠረጴዛ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። ማንም ክፉ ሳያስብ ዝግጅቱ ይበላሻል።

በአካባቢው ከፍታን አሳምረው የሚጠቀሙ ቤቶች እንዳሉ ማየትም ይጠቅማል። ጎንደር ላይ ጎሃ ሆቴል ከተማዋን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ሊማሊሞ ሎጅ ደባርቅ አጠገብ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሠርቷል። ሲሜን ሎጅ ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ ላይ፣ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች ፎቁን የሠራው መሬቱ ራሱ ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚደግስ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፦ አገሩ ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ እይታ ለማግኘት የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ጥሩ ግቢ ያለው ምድር ቤት ይበቃል።

አንድ የምረቃ ማታ

የሆቴሉን ስም አልጠራም። የአክስቴ ልጅ በሰኔ ወር ደባርቅ ላይ ሲመረቅ አጎቴ አንድ ሰገነት ያዘለት። ልጁ ያደገው በአያታችን እጅ ነው፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። ዝግጅቱ የተደገሰው ለእሱ ቢሆንም፣ ሁላችንም የምናስበው እሳቸውን ነበር።

አጎቴ ከወር በፊት ቀብድ ሲከፍል በስልክ የተነገረው ግልጽ ነው፦ የላይኛው ፎቅ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፤ ከ10 ሰዓት ጀምሮ፤ ለሃምሳ ሰው ቡፌ፤ ሙዚቃ አለ፤ ዝናብ ቢመጣ መሸፈኛ አለ።

ስንደርስ አራት ፎቅ ደረጃ ጠበቀን። የአሳንሰሩ ቦታ አለ፤ አሳንሰሩ የለም፤ በጣውላ ተዘግቷል። አያቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ መታጠፊያው ላይ ወንበር አስመጥተን ተቀመጡ። «ይብቃኝ ልጆቼ፤ እናንተ ውጡ» አሉ። አጎቴ ወርዶ ምድር ቤት ያለው ምግብ ቤት እንዲሰጠን ቢጠይቅ በሌላ ሰው ተይዟል ተባለ። ላይ ስንወጣ ደግሞ የሰገነቱን ግማሽ ሌላ የተመራቂ ቤተሰብ ይዞታል። ሁለት ኬክ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት «እንኳን ደስ አላችሁ» ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

11 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። መሸፈኛ የተባለው ሸራ የሚሸፍነው የባሩን ባንኮኒ ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ለታችኛዎቹ ፎቆች ብቻ። ከጾም ምግቡ ሽሮና ጎመን ቀድሞ አለቀ፤ የቀረው ሥጋ ነው። አጎቴ ኃላፊውን ሲያነጋግር ያገኘው መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ፎቶው ላይ ያያችሁት ያው ይሄንኑ ነው፤ የዋሸናችሁ ነገር የለም።»

በአንድ በኩል እውነቱን ነው። ፎቶው እውነተኛ ነበር። የቀሩት ከፎቶው ጋር በቃል የተሰጡት ተስፋዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የተጻፉበት ወረቀት የለም።

ተመራቂው ካባውን ይዞ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደና አያቴ ላይ ደረበላቸው። ከዚያ ቀን ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ፎቶ ያች ናት። ከኋላቸው ተራራ የለም፤ የደረጃው ግድግዳና የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው ያለው።

ቀብድ ሲከፈል ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ቀብድን የሚያየው ቦታ ለመያዣ እንደተሰጠ ገንዘብ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከዚያ በላይ ክብደት ሰጥቶታል። ቀብድ መቀበል ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው የደረሰኝ ጽሑፍ የታሪኩ ግማሽ ነው ማለት ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ይሁን እንጂ መብት የሚጨበጠው ማስረጃ ሲኖረው ነው። በስልክ የተባለው ሁሉ ድግሱ ካለፈ በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይሆናል። ስለዚህ ቀብዱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ያ ካልሆነ ቢያንስ ቃሉን በስልክ መልእክት ላኩና ሆቴሉ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።

ምን እንጠይቅ?

ሰገነቱን ዝግጅቱ በሚደረግበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። ቀን 7 ሰዓት ላይ ያማረ ቦታ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ነው። ከተማው ውስጥ ካልኖራችሁ የምታምኑትን ዘመድ ላኩ።

ደረጃውን ቁጠሩ። ከተጋባዦቹ መካከል በዕድሜ የገፋው ሰው ማን እንደሆነ አስቡና በእሳቸው እግር ለኩት። አሳንሰር አለ ከተባለ መብራት ሲጠፋም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ልጆች ካሉ በሰገነቱ ዙሪያ ያለውን መከላከያ ብረት ከፍታና ክፍተት በዓይናችሁ እዩ። ባር ላይ የሚደረግ ዝግጅት ከሆነ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተከለከለ መሆኑን ለታዳጊዎቹ ቀድማችሁ ንገሩ።

ዝናብ ወይም ብርድ ቢመጣ የምትገቡበት አዳራሽ በስማችሁ ይያዝ። «እናያለን» መልስ አይደለም። በዚያ ሰዓት ሌላ ዝግጅት አለ ወይ የሚለውንም በግልጽ ጠይቁ፤ «ሙሉ ፎቁ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ይግባ። ጄኔሬተሩ የትኛውን ፎቅ እንደሚያበራ፣ የጾምና የፍስክ ምግቡ ለስንት ስንት ሰው እንደሚቀርብም እንዲሁ።

ዋጋውን የመጨረሻውን ጠይቁ። ለአንድ ሰው 1,000 ብር የተባለ ቡፌ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 1,265 ብር ይሆናል። ለሃምሳ ሰው ሲታሰብ የ13,250 ብር ልዩነት ነው። ይህ ገንዘብ በድግሱ ማግስት ከሚያጣላ ቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል።

ለባለ ሆቴሎችም የሙያ ምክር አለኝ። የሰገነት ማስታወቂያችሁ ላይ «ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ እናቀርባለን፤ ዝናብ ቢመጣ አዳራሻችን ክፍት ነው» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ደንበኛ ያርቃል ብላችሁ አትስጉ። ደባርቅ እንደምትበርድ የማያውቅ የለም፤ ደንበኛው ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው እናንተም እንደምታውቁት ሲያይ ነው።