አቧራው በየት ገባ? በእጅ የሚሠራ የሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ ተረትና እውነታ

የጁባን ሀይ ጀላባ ሰፈር በበጋ የሚያውቅ ሰው ቀዩን አቧራም ያውቀዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ አንድ የውኃ ቦቴ በሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ካለፈ ከኋላው የሚመጣው ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ለአፍታ ከዓይን ይሰወራል። ነጂው አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍናል። ሞተሩ ያለው ሻርፕ አንድ ብቻ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን ክዳኑ ጀርባ የተቀመጠው የአየር ማጣሪያ፣ በመካኒኮቻችን አፍ ፊልትሮ። እሱ ሲበጣጠስ ወይም ሳጥኑ ሲሰነጠቅ ትክክለኛው ዕቃ ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ እስኪመጣ መጠበቅ ሥራ መፍታት ነው። ስለዚህ ሰው እጁ ላይ ባለው ይጀምራል፦ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ካልሲ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የካላማዳሪያ ቁራጭ።

ማጣሪያ በእጅ መሥራት ነውር የለውም፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ሞተር ያቆያል። አደጋው ያለው ሥራው በሚመራበት ወሬ ላይ ነው። የሕንዱን ቦክሰርም ሆነ የቻይናውን ሰንኬ የሚጠግን ሁሉ ስለ ማጣሪያ አንድ ነገር ሰምቷል፤ ከሰማውም ውስጥ ግማሹ ሞተር ያስወርዳል።

«ፊልትሮው ጉልበት ይበላል፤ አውጣውና እይ»

ማጣሪያው የወጣለት ሞተር በእርግጥም ያገሳል። የማጣሪያው ሳጥን አየር ከማሳለፍ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ድምፅ ያፍናል። ሳጥኑ ሲነሳ ድምፁ ይወጣል፣ ጆሮም ድምፁን ጉልበት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ካርቡሬተሩ ግን ጂግለሩ የተመረጠለት ማጣሪያውም ሳጥኑም በቦታቸው እያሉ ነው። ሁለቱ ሲነሱ የአየርና የቤንዚን ምጣኔው ይዛባል፤ አየር ይበዛል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጅ ሲሰጡትም ያመነታል። ጉልበት ተገኘ ቢባል እንኳ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ዱቄት የጫነ ነጂ የሚሰማው ዓይነት አይደለም።

የሚከፈለው ዋጋ ግን ትልቅ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በመጠን ሲቆጠር አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9,000 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው፤ 450 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ አየር። በበጋ የሀይ ጀላባ መንገድ ላይ ያ ሁሉ ጀሪካን ከነአቧራው ነው የሚገባው።

«ደቃቁ አቧራ ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል»

የሚቃጠል ነገር የለውም። የአሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ሲሊኮን ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት ማዕድን ነው፤ የቀዩ ገረጋንቲ መልክም ከኦክስጅን ጋር ከተዋሐደ ብረት፣ ማለትም ከዝገት የመጣ ነው። ሁለቱም አንዴ ኦክስጅናቸውን ስለያዙ ሲሊንደር ውስጥ እንደገና አይነዱም። ኳርትዝ ደግሞ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይጠነክራል።

ሰው በዓይኑ የሚያየውን ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ይፈራል። እሱ ከባድ ስለሆነ በመንገድ ይወድቃል፣ ከመውደቅ የተረፈውንም ማንኛውም ወንፊት ይይዘዋል። ሞተር ገዳዩ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ይህ ደቃቅ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ባለችው ስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ልክ የሚገባ መጠን ነው። እዚያ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ሲለወስ ቫልቭ እንደሚሞረድበት ቅባት ይሆናል፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ራሱን ይሞርዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፋሻ ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል።

«ስፖንጅ ስፖንጅ ነው፤ ከፍራሹ ቁረጥለት»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚሠራው ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ስፖንጅ ነውና።

የስፖንጅ ቀዳዳ ከአቧራው እጅግ ይሰፋል፤ ስለዚህ እንደ ወንፊት አያጣራም። አየሩ በስፖንጁ ክሮች መሀል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ አቧራው ክብደት ስላለው እኩል መታጠፍ ስለማይችል ክሩን ይመታል። ክሩ ዘይት ከጠጣ ይጣበቅበታል፣ ደረቅ ከሆነ ነጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ማጣሪያው ዘይቱ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም፤ ስፖንጁ ዘይቱን የሚሸከም ነው። የድሮ የሆንዳ ትናንሽ ሞተሮች መመሪያ ስፖንጁን በኤስ ኤ ኢ 80-90 የማርሽ ዘይት አርሱት ይል የነበረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስ ክዳን ከፍቶ የሚያውቅ ሰውም ይህንኑ አይቷል፤ የድሮዎቹ ቮልስዋገኖች ማጣሪያ ሥሩ ዘይት የተቀመጠበት ጣሳ ነበር።

አዲስ የሞተር ዘይት ይበቃል። ከሞተር የተቀዳ ጥቁር ዘይት ግን ቆሻሻውን ይዞ ስለሚመጣ አይሁን፤ የሚፈለገው ጥቂት ስለሆነ ቁጠባውም አያዋጣም። ስፖንጁ በፈሳሽ ሳሙና ወይም በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ በደንብ ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ በመዳፍ መካከል ይጨመቃል። እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ ይቀደዳል። መልኩ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ከሆነና ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ከበዛ ካርቡሬተሩ ዘይት ይስባል፣ ያጨሳል፣ ያ ጭስም ሳያስፈልግ ያስደነግጣል። በቤንዚን ማጠብ የስፖንጁን ማጣበቂያ ይፈታል፣ እሳቱም ከጎን አለ።

ስፖንጁ ራሱ ይፈተን። አፍ ላይ አድርጎ መንፋት ነው፤ ትንፋሽ በቀላሉ ካላለፈ ቀዳዳዎቹ ዝግ ናቸውና ለፍራሽ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ሁለተኛው ፈተና፣ የጥፍር ያህል ቆርጦ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሕፃናት በራቀ ቦታ ቤንዚን ውስጥ ማሳደር። ያበጠ ወይም የፈረፈረ ይጣል፤ ካርቡሬተር አንዳንዴ ቤንዚን ወደ ኋላ ይተፋልና ሞተሩ ላይም እንደዚያው ይሆናል። ሁለት ዓይነት ከተገኘ ሻካራው በውጭ፣ ደቃቁ በውስጥ ይደረብ። ከሁለቱም ጀርባ፣ በንጹሑ አየር በኩል፣ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ስፖንጁ ተስቦ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስም እሳቱን ያበርዳል። የወንፊቱ ጫፍ ታጥፎ ይሰፋ፤ ከዚያ ተቆርጣ የምትገባ ክር መሰል ሽቦ በቀጥታ ወደ ቫልቭ ነው የምትሄደው።

ካልሲውስ? «ጨርቁ በጠበቀ ቁጥር ያጣራል» ይባላል። በካርቡሬተሩ አፍ ላይ የተወጠረ ካልሲ ስፋቱ የአፉን ያህል ብቻ ስለሆነ በፍጥነት ይደፈናል። አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል። ፋብሪካ ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን የሚያጣጥፈው በትንሽ ሳጥን ውስጥ ትልቅ ስፋት ለማግኘት ነው፤ ስፖንጅ የሚቆርጥ ሰውም ሳጥኑ የቻለውን ያህል ያስፋው።

«በየማታው በኮምፕረሰር አስነፋው»

ይህ ምክር ንጽሕና ከሚወዱ ሰዎች ስለሚመጣ ለመቃወም ያስቸግራል። ደረቅ የወረቀት ማጣሪያ አዲስ ሲሆን ከሚያጠራው ይልቅ ጥቂት ከሠራ በኋላ የተሻለ ያጠራል፤ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ራሱ ተጨማሪ ማጣሪያ ይሆናል። በየቀኑ የሚነፋ ሰው ማጣሪያውን በየቀኑ ወደ ደካማ ዘመኑ ይመልሰዋል። የጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር ደግሞ ቀረብ ተደርጎ ከተያዘ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ልክ ይበሳዋል። መነፋት ካለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ግፊት፣ ከራቅ። ከዚያ በጨለማ ቤት አምፖል ወይም የስልክ መብራት ውስጡ አስገብቶ ማየት፤ የብርሃን ነጥብ ካሳየ ይጣላል። ከፋብሪካው ዘይት ጠጥቶ የሚመጣ ወረቀትም አለ፤ እሱ አይነፋም፣ አይታጠብም፣ ሲቆሽሽ ይለወጣል።

«ስፖንጁ ጥሩ ከሆነ አለቀ»

ከሁሉም ይልቅ ሞተር የሚያስወርደው ይህ እምነት ነው። አየር ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በስፖንጁ ከንፈርና በሳጥኑ ጠርዝ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ፣ ስፖንጁ በቆሸሸ ቁጥር በዚያ ክፍተት የሚገባው ድርሻ ይጨምራል። ምርጥ ስፖንጅ ገዝቶ ጠርዙን የዘነጋ ሰው አቧራውን መንገድ አሳየው እንጂ አልከለከለውም። ከቁሳቁሱ ይልቅ ለመግጠሚያው ነው ጊዜ የሚሰጠው።

ቆርቆሮው ተቆርጦ ስለት እንዳይሆን ጠርዙ ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ የታጠፈው ጠርዝ ስፖንጁ የሚቀመጥበት ከንፈር ይሆናል። ካላማዳሪያ እዚያ ላይ እንደ ጓርኒሲዮን ያገለግላል። እንደ ቱቦ ግን አያገለግልም፤ ሞተሩ ሲስብ ይጨማደዳል፣ የቤንዚን ትነትም ያበላሸዋል። ከሳጥኑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው ቱቦ ቤንዚን የሚችል ወፍራም ጎማ፣ ቢቻል ውስጡ ሽቦ ያለው፣ በሁለቱም ጫፍ በማጥበቂያ የታሰረ ይሁን። በሲሊኮን ማሸጊያ መለጠፍ ፈጣን ይመስላል፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፣ ተልጦ ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ብሎንና ዳዶ በንጹሑ በኩል አይሁን፤ በንዝረት የተፈታ ዳዶ መድረሻው ፒስተን ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ቱቦ አለ። ከሞተሩ ሆድ ወጥቶ ወደ ማጣሪያው ሳጥን የሚገባው ቀጭን መተንፈሻ። ፋብሪካ የሠራው ሳጥን ሲወገድ ይህ ቱቦ አፉን ከፍቶ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚስበው በዚያ ነው፣ አቧራውም ያለ ፋሻና ሲሊንደር እንግልት በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በአዲሱ ሳጥን በንጹሑ በኩል ይገጠም፤ ካልተቻለ ጫፉ ላይ ዘይት የጠጣ ትንሽ ስፖንጅ ይታሰርበት።

መግጠሚያው ልክ መሆኑን ቀዩ አፈር ራሱ ይመሰክራል። የሳጥኑን ንጹሕ ክፍልና የቱቦውን ውስጥ በስሱ ግራሶ መቀባት፣ ጥቂት ቀን ነድቶ መክፈት፣ በነጭ ጨርቅ መጥረግ። ጨርቁ ላይ ቀይ ከታየ አቧራ እየገባ ነው፤ ግራሶው ላይ የቀረው ቀይ መስመርም በየት በኩል እንደገባ ያሳያል። ግራጫ አቧራ ባለበት አገር ይህ ፈተና እንደዚህ አይናገርም።

ሳጥኑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አፉ የኋላ ጎማውንም ማርሚታውንም አይይ። በሚያዝያ ዝናቡ ሲጀምር ውኃ መውጫ እንዲኖረው ከታች በቆሻሻው በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለት።

«የቤት ሥራ ፋብሪካን አይተካም»

አንዳንዴ ይተካል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ሰሜን አፍሪካ ሲልኩ ለበረሃው አሸዋ ቮክስ የተባለ ትልቅ ማጣሪያ ከአፍንጫው ሥር ገጠሙለት፤ አውሮፕላኑ ግን ዘገየ። ግብፅ ውስጥ አቡኪር ላይ የነበረው የአየር ኃይሉ ጥገና ክፍል አነስ ያለና የተሻለ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ሠራ፤ እስከ ዛሬ በቦታው ስም ይጠራል። ፍጥነት የፈለጉት እነዚያ መካኒኮች እንኳ ማጣሪያውን ጨርሰው አላወጡትም።

ማጣሪያው ከተገጠመ በኋላ ካንዴላው ይታይ። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከነጣ አየር በዝቷል፣ ጥላሸት ከያዘ አንሷል። ሙያውን አዲስ አበባ የተማረ መካኒክ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከጁባ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ እዚያ ልክ የነበረ ጂግለር ጁባ ላይ ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተር ያግላል። ጂግለር ከመንካት በፊት ግን የቱቦው ማጥበቂያ መጥበቁ ይታይ፤ የላላ ማጥበቂያም ካንዴላ ሊያነጣ ይችላል።

ሰማያዊ ማጨስ የጀመረ ሞተር በአዲስ ማጣሪያ ይድናል የሚሉም አሉ። የተበላ ፋሻ አይመለስም። ሊደረግ የሚችለው የቀረውን ማትረፍ ነው፤ ስለዚህ ማጣሪያው በተገጠመበት ቀን ዘይቱም ይቀየር። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የላቸውም፤ ያላቸው የሽቦ ወንፊት ነው፣ አንዳንዶቹም በሽክርክሪት ቆሻሻ የሚለይ ጽዋ ይጨምራሉ። ወንፊቱ ደቃቁን አይዝም፤ እስከ ዛሬ የገባው አቧራ ዘይቱ ካልተቀዳ እዚያው እየዞረ ነው።