የአዲስ መኪና የሞተር ዘይት መቼ ይቀየር?

(በመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእስ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ወር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ የሚያገኘው መልስም እርስ በርሱ የተጋጨ ነው። የሰፈሩ መካኒክ «1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የፋብሪካውን ዘይት ድፋው» ይለዋል። ከመኪናው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይላል። ባለቤቱም ወይ ገንዘቡን ወይ ሞተሩን የሚጎዳ ይመስለውና በመካከል ይዋልላል።

ጥያቄው በአገራችን ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የገቡት ገና አዲስ የሆኑ ሞተሮች በቀላሉ የማይተኩ ንብረቶች ሆነዋል። አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተገዛ መኪና ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይገደዳል። የዚህ ሞተር ዕድሜ ደግሞ ከምንም ነገር በላይ የሚወሰነው በዘይቱ አያያዝ ነው።

ከመጀመሪያው ዘይት ልጀምር። አዲስ ሞተር አዲስ የተወቀረ ወፍጮን ይመስላል። ወፍጮ በተወቀረ ማግስት የሚወጣው ዱቄት አሸዋ አሸዋ ስለሚል ባለሙያ ሴት ለእንጀራ አታውለውም። በሞተርም ውስጥ የፒስተን ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ ተፋግተው እስኪለሳለሱ ድረስ ጥቃቅን የብረት፣ የአሉሚኒየምና የመዳብ ብናኞች ወደ ዘይቱ ይገባሉ። የዘይት ናሙና በላቦራቶሪ ቢመረመር የእነዚህ ብረቶች መጠን በመጀመሪያው ዘይት ከፍተኛ ሆኖ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው እየቀነሰ ሲሄድ ይታያል። የመካኒኩ ምክር መነሻ ይህ ነው፤ የብረት አስተላለስ እንደ ዛሬው ባልረቀቀበት ዘመን ትክክለኛ ምክር ነበር።

ዛሬ ግን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛ፣ ክፍሎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት እጅግ ለስልሰው ነው። ሁለተኛ፣ ፊልትሮው ከብናኞቹ ትልልቆቹን ይይዛል። ስለዚህም አብዛኞቹ አምራቾች የመጀመሪያውን ዘይት ከተለመደው ጊዜ አስቀድሞ መቀየርን አያዝዙም፤ ሆንዳን የመሰሉ እንዲያውም ያለ ጊዜው እንዳይደፋ ይመክራሉ። በአንጻሩ ለአንዳንድ ሞተሮች የመጀመሪያውን ለውጥ ቀድመው የሚያዝዙ አምራቾች አሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ መመሪያ መጽሐፉን መክፈት ነው። መጽሐፉ ስለ መጀመሪያው ለውጥ ለይቶ የሚናገረው ነገር ከሌለ፣ የእኔ ምክር ለከባድ አገልግሎት ከተጻፈው አጭር ገደብ እንዳያልፍ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ1,000 መድፋት ከባድ ጉዳት የለውም፤ አስፈላጊ ስለመሆኑ ግን በቂ ምክንያት የለም።

ይሁንና ዋናው ጉዳይ የመጀመሪያው ለውጥ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ዘይቱ አለቀ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ቅባትነቱ ጠፋ ማለታችን አይደለም። የሚያልቁት በውስጡ የተጨመሩት ውህዶች ናቸው፦ ብረት ከብረት ሲነካካ የሚከላከለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ፣ አሲድን የሚያረክሱት የካልሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች፣ ጥላሸትን በትነው የሚይዙት አጣቢዎች። የዘይት መጥቆር ብቻውን የማለቅ ምልክት አለመሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የጠቆረ ዘይት ቆሻሻውን ተሸክሞ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ውህዶች የሚጨርሷቸው አራት ጠላቶች ናቸው፦ ሙቀት፣ ውኃ፣ ነዳጅና አቧራ።

ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዘይት ከኦክስጅን ጋር የሚዋሃድበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ ያለው ሞተር ያንኑ ኃይል ለመስጠት ተርቦውን አብዝቶ ማሽከርከር አለበት፤ ያን የጋለ ክፍል የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ዘይት ነው።

ውኃው ከቤንዚኑ ራሱ ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ በኩል በእንፋሎት ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ቀለበቶች አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በሚገባ ከጋለ ውኃውም፣ ሳይቃጠል የወረደው ነዳጅም ተንነው ይወጣሉ። በየማለዳው ከስድስት ኪሎ ፒያሳ ደርሶ የሚቆም መኪና ግን ዘይቱ ሳይግል ይጠፋል፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ደረሰ ማለት ዘይቱ ጋለ ማለት አይደለም፤ የሞተር ዘይት ከማቀዝቀዣው ውኃ ዘግይቶ ነውና የሚግለው። ስለሆነም ውኃውና ነዳጁ ይጠራቀማሉ፤ አሲድ ይፈጠራል፤ ዘይቱ ይቀጥናል።

አቧራ ከአራቱ ተንኮለኛው ነው። የአቧራ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ከአብዛኛው የሞተር ብረት ይጠነክራል። ከፊልትሮ የሚያመልጡት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ በሆነው የዘይት ንብርብር መካከል ገብተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። መንገድ በሚቆፈርበት ከተማ ወይም በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው የአየር ፊልትሮውን ቸል ብሎ ዘይት ቢያመላልስ፣ በር ከፍቶ ቤት እንደሚጠርግ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኪሎ ሜትር የመንገድ መለኪያ እንጂ የዘይት ድካም መለኪያ አይደለም። ሁለት መኪኖችን እናስብ። አንዱ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እየተመላለሰ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 10,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ 167 ሰዓት ያህል ሠርቷል። ሌላው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚያው 10,000 ኪሎ ሜትር ሞተሩ 667 ሰዓት ያህል ሠርቷል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ የሁለተኛው ዘይት ግን አራት እጥፍ ሰዓት አገልግሏል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አንድም አይቆጥርም።

አምራቾቹ ይህን ያውቃሉ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሞተሩን ዙርና የዘይቱን ሙቀት እያሰላ የለውጡን ጊዜ የሚያመለክት ሥርዓት በመኪኖቹ ላይ ያስገባው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቼ ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚያሰላው ሞተሩ የሠራውን ሥራ ነው፤ የገባውን አቧራ አያይም፤ የተሞላው ዘይት ደረጃውን የጠበቀ መሆኑንም አያውቅም። መመሪያ መጽሐፎቹም ቢሆኑ ሁለት ሠንጠረዥ አላቸው፦ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አገልግሎት። የከባድ አገልግሎት ፍቺ አጭር ጉዞ፣ አቧራማ መንገድ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ብዙ መቆም፣ ጭነትና ዳገት ነው። ይህን ዝርዝር ያነበበ የአዲስ አበባ ነዋሪ የተጻፈው ስለ እርሱ መሆኑን ያውቃል። ስሕተታችን የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አንብበን መጽሐፉን መዝጋታችን ነው።

በተቃራኒው ያለውም ስሕተት ስሕተት ነው። በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት በየ3,000 ማይል፣ ማለትም በየ4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዘይት መቀየር እንደ ሕግ ሲነገር ቆይቶ፣ ዘይቱና ሞተሩ ከተሻሻሉ በኋላም ልማዱ ቀጥሏል። በረጅም መንገድ ላይ የሚውል መኪናን ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር መድፋት በውጭ ምንዛሪ የተገዛን ሀብት መድፋት ነው። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ በቦይ ቢፈስስ፣ አንድ ሊትሩ እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይገመታል። ጋራዡ ዘይቱን የት እንደሚያደርሰው መጠየቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ለማጠቃለል፦ በመጽሐፉ የታዘዘውን ደረጃና ውፍረት ያለውን ዘይት ከታመነ ሻጭ ግዙ፤ «ወፍራም ይሻላል» የሚለው ምክር ለአዲስ ሞተር አይሠራም። በሰሌዳው ላይ ያለውን አማካይ ፍጥነት ተመልከቱ፤ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ የከባድ አገልግሎቱን ሠንጠረዥ ተከተሉ። መኪናው ጥቂት የሚሄድ ቢሆንም የወራቱን ገደብ አትለፉ። በየሁለት ሳምንቱ የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ እዩ፤ የጎደለ ዘይት ካረጀ ዘይት ይልቅ ፈጥኖ ሞተር ይገድላልና። ወተት የመሰለ ወይም ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይት ካያችሁ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ ምክንያቱን አስመርምሩ።

እንግዲህ «በስንት ኪሎ ሜትር?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የመሐንዲስ የመጀመሪያ መልስ «መኪናህ የት ይውላል?» የሚል ይሁን።