ስለ ቃሬዛና ስለ አምቡላንስ

በመርሐ ቤቴ ተወልዶ ያደገ ሰው አምቡላንስ የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ፤ ነጩ መኪና በሐሳቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ አራት ሰዎች በትከሻቸው ያነሡት ቃሬዛ ይታየዋል። አገሩ እንደዚህ ያለ ስለ ሆነ ነው። ዓለም ከተማ የቆመችበት ደጋ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ ነው፤ ዳር ዳሩ ገደል ሲሆን ከገደሉ በታች ደግሞ በቆላው ብዙ ሕዝብ ይኖራል። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ የሚመጣው መንገድ እንኳ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ዐቀበት የሚወጣ ነው። መኪና በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ በሽተኛው ግን የሚተኛው በመንገዱ ዳር አይደለም፤ በጎጡ በጎጆው ውስጥ ነው እንጂ።

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንናገርበት የፈለግነው ነገር ይህ ከጎጆው እስከ መኪናው ያለው መንገድ ነው። ይልቁንም በበዓል ቀንና ድንገተኛ መከራ በወረደ ጊዜ በሽተኛውን ማን እንደሚያነሣው ነው።

ቃሬዛ እጅግ ቀላል ዕቃ ነው። ሁለት ጠንካራና ረዣዥም እንጨቶች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው ጠፍር ወይም ገመድ ይጠላለፍባቸዋል፤ በላዩም አጎዛ ወይም ጋቢ ይነጠፋል። አራት ሰዎች ይሸከሙታል፤ ሌሎች አራት ወይም ስምንት ሰዎችም ትከሻ ለመለወጥ በኋላ በኋላው ይከተላሉ። ተሸክሞ ለማያውቅ ሰው ሥራው የጉልበት ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥበብ አለው። ቁልቁለት በሆነ ጊዜ ረዣዥሞቹ ሰዎች በፊት ይሆናሉ፤ ዐቀበት በሆነ ጊዜ ደግሞ በኋላ ይሆናሉ፤ ይህም ቃሬዛው እንዳያዘቀዝቅ ነው። አንድ ሰው ሳይሸከም ፊት ፊት እየሄደ ድንጋዩንና ድጡን ይናገራል። ከሴቶችም አንዲቱ ውኃ ይዛ ከጎን ትሄዳለች። በቃሬዛው ላይ ያለችው ምጥ የያዛት ሴት የሆነች እንደ ሆነ ግን እናቲቱ ወይም አዋላጂቱ ከእርስዋ አትለይም።

በአማራ አገር በብዙ ስፍራ ይህ ሥራ እንደ ዕድር ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥሪ በተሰማ ጊዜ ተራው የደረሰ አባወራ ሁሉ ይወጣል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ለቀብር የቆመው ዕድር የሞተውን በክብር ለመሸኘት ነው፤ የቃሬዛው ዕድር ግን ሰው እንዳይሞት ነው። እኛስ ብንጠየቅ፤ ከቀብር ከቀረው ሰው ይልቅ ከቃሬዛ የቀረው እጥፍ ይቀጣ እንል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ሠራተኞች ይህንኑ የቆየ ልማድ ባህላዊ አምቡላንስ እያሉ ሕዝቡን ሲያበረታቱበት ቆይተዋል። ስሙ አዲስ ነው፤ ሥራው ግን በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣራ አፍርሰው ያወረዱት የአራቱ ሰዎች ሥራ ነው።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፤ ወላድ ሴት የምትሞተው ስለ ሦስት መዘግየት ነው ብለው አስረድተዋል። አንደኛው በቤት ውስጥ እንሂድ ወይስ እንቈይ እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በመንገድ የሚጠፋው ነው። ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ ሕክምና እስኪገኝ ድረስ የሚጠፋው ነው። በአገራችንም የጤና ባለሙያዎች ይህን ትምህርት ተቀብለው እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። ከወለደች በኋላ ደም እጅግ የሚፈስሳት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለችና፤ ከጀማ ቆላ እስከ ደጋው ያለውን ዐቀበት የሚያውቅ ሰው ይህን ሰዓት በልቡ ይቍጠረው።

ነገሩ የተሻሻለ መሆኑንም መናገር ይገባል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያዋን ልደቶች 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቍጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በመርሐ ቤቴም ካርልሃይንዝ ቦም የተባለው የኦስትሪያና የጀርመን የሲኒማ ተዋናይ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም የዚሁ ድርጅት ርዳታ ያለበት ነው። መንግሥትም በ2004ና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ለየወረዳው አምቡላንስ አድሏል፤ ይኸውም ከሁሉ በፊት ለወላዶች ተብሎ ነው። እንግዲህ ሐኪም ቤቱ አለ፤ መኪናውም መጥቷል፤ በመካከል የቀረው የጎረቤት ትከሻ ነው።

ይህ ትከሻ በሥራ ቀን ብዙ ጊዜ አይታጣም። የሚታጣው በበዓል ቀን ነው። የጥምቀት፣ የፋሲካ፣ የመስቀል ዕለት ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቷል፤ ከታቦቱ ጋራ ወርዷል፤ ወይም ከዘመድ ቤት ሄዶ ጠላ ጠጥቷል። ጠላ መጠጣቱን አንነቅፍም፤ በዓል ነውና። ነገር ግን የሰከረ ሰው በገደል አፋፍ ቃሬዛ ቢሸከም በሽተኛውንም ራሱንም ይጥላል። ደግሞም አደጋው የሚበዛው በዚያው ቀን ነው፤ ቢላዋ በየቤቱ ይሳላል፤ ትልቅ ድስት ተጥዶ ሕፃናት በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ፤ ሰው በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቆ ይጓዛል፤ በመጠጥም የተነሣ ጠብ ይመጣል። ምጥም በዓል ነው ብሎ አይቈይም።

ስለዚህ በየዕድሩ ለበዓል ቀን ስምንት ሰዎች አስቀድመው ተለይተው እንዲመደቡ፤ እነዚህም በዚያ ቀን መጠጥ እንዳይቀምሱ፤ ከጎጣቸውም እንዳይርቁ ይደረግ። ተራው ዓመቱን ሙሉ በሰው ሁሉ ላይ ይዙር እንጂ በድኻው ልጅ ላይ ብቻ አይውደቅ። የጥምቀት ተራ የደረሰው በፋሲካ ነጻ ይሁን። ይህም ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ በሰንበትም በማኅበሩ ፊት ይነበብ። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት በመጀመሪያው ዓመት ፍቅር፤ በሁለተኛው ዓመት ክርክር እንደሚሆን መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች አሳምረን እናውቃለን።

በከተማው በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች እንደ መስቀልና እንደ ጥምቀት ባሉ ታላላቅ በዓላት አምቡላንስና የመጀመሪያ ርዳታ ይዘው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ሲቆሙ እናያለን። የማኅበሩ አምቡላንስ መጥሪያ ቍጥርም 907 ነው። በአዲስ አበባም አቶ ክብረት አበበ የተባሉ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስ የተባለውን ድርጅት እንዳቆሙ ብዙ ሰው ያውቃል። ቤቱን ሽጦ አምቡላንስ የሚገዛ ሰው ባለበት አገር፤ የተሰጠውን አምቡላንስ ለሌላ ጕዳይ የሚያውል ሹም መገኘቱ የሚያሳዝን ነው።

ይህን ገጽ ወረዳ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ያነቡት ይሆናልና በግልጥ እንናገራለን። አምቡላንስ ለስብሰባ የሚሄድ ሰው መጓጓዣ አይደለም፤ የበዓል ሙክት መጫኛም አይደለም። እንዲህ ሲደረግ መታየቱን ሕዝቡ ሁልጊዜ ይናገራል፤ ስንት ቃሬዛ በመንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ እንደ ዋለ ግን በደብዳቤ ተጽፎ አይመጣም። ከበዓል አስቀድሞ ያለው ሳምንት ነዳጁ፣ ጎማው፣ የነጂው ተራ የሚመረመርበት ሳምንት ነው። ነጂውም ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሁለት ነጂዎች ተፈራርቀው ግማሽ ግማሽ ቀን ቢያከብሩ ሥራውም አይጎድል፤ እነርሱም አያዝኑ። በቆላው ቴሌፎን የማይሰማበት ስፍራ ስላለ ፈጣን ወጣት ወደ አፋፉ ወጥቶ እንዲደውል፤ መኪናውና ቃሬዛውም የሚገናኙበት ዛፍ ወይም ድልድይ አስቀድሞ እንዲታወቅ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የበዓሉ ነገር እንዲህ ነው፤ የመከራው ቀን ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። አምቡላንስ የሚለው ቃል በአገራችን በሰፊው የተሰማው በጦርነት ወራት ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጠላት ወረረን። በዚያ ዘመን አምቡላንስ ማለት አንድ መኪና ሳይሆን ሐኪሞቹ፣ ድንኳኖቹና መድኃኒቱ አብረው የሚጓዙ ተንቀሳቃሽ ሐኪም ቤት ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ በስዊድን አምቡላንስ ላይ የጠላት አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ። የእንግሊዝ አምቡላንስ አለቃ የነበረው ሐኪሙ ጆን ሜሊ ግን ከጦር ሜዳ ተርፎ፤ በሚያዝያ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘረፋ በሆነ ጊዜ ቍስለኞችን ሊሰበስብ በከተማው ሲዘዋወር በጥይት ተመታ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ሞተ። ሰው ሁሉ በሩን በዘጋበት ቀን ወጥቶ ነበርና ስሙ ሊታሰብ ይገባል።

በቅርቡም ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶችም የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በዶማ ሲቆፍሩ ሳለ መሬቱ እንደ ገና ተናደ፤ ከሞቱት ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ብዙዎቹ ለርዳታ የሮጡት ነበሩ። ከዚህ የሚበልጥ የጎረቤት ፍቅር የት ይገኛል! ነገር ግን ተዳፋት አገር የምንኖር ሁሉ ከእነርሱ ሞት የምንማረው አለ። መሬት በተናደ ጊዜ አንድ ሰው ከአፋፉ ቆሞ ስንጥቁንና የሚወርደውን ውኃ ይመልከት፤ ድንጋይ መንከባለል ቢጀምር ይጩህ፤ ቆፋሪዎቹም ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተለዋወጡ ይግቡ እንጂ መንደሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይውረድ። የክረምት ጐርፍ ሰው በወሰደ ጊዜም ገመድ ሳይዙ ወደ ወንዝ መግባት ሁለተኛ ለቅሶ መጨመር ነው።

ቃሬዛ የሚያነሡ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ጥቂት ነገር ደግሞ እንጽፋለን። ደም የሚፈስሰውን ቍስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት፤ እያነሡ አይዩት። የተሰበረውን እግር ሊያቀኑት አይሞክሩ፤ እንዳለ ከሁለት እንጨት ጋራ በጨርቅ ይሰሩት። ከገደል የወደቀ ሰው አንገቱና ጀርባው እንዳይጠማዘዝ ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ያንሡት። ራሱን የሳተው እየተነፈሰ እንደ ሆነ በጎኑ ይተኛ፤ በአፉም ውኃ ቢሆን አረቄ ቢሆን አይግባ። በእሳት የተቃጠለውን ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያፍስሱበት፤ ቅቤና ቡና አይቀቡት። ነፍሰ ጡርዋ በግራ ጎንዋ ትተኛ። ቀንዋ የቀረበና ቤትዋ ሩቅ የሆነች ሴት ግን ቃሬዛ ሳትጠብቅ አስቀድማ መጥታ በጤና ጣቢያ ባለው በእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይሻላል፤ ባልዋም በዓል ሳይውል እንዴት ትሄዳለች ብሎ አይከልክላት፤ ዶሮውን ሌላ ሴት ትሠራለች።

ቃሬዛው ከተመለሰ በኋላ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በፀሓይ ይድረቅ፤ የላላው ጠፍር ይጥበቅ፤ የተሰነጠቀውም እንጨት በዚያው ሳምንት ይለወጥ። የሚቀመጥበትም ስፍራ የዕድሩ ዳኛ ጓዳ አይሁን፤ እርሱ ለበዓል ወደ ዘመድ በሄደ ጊዜ ቁልፉ አብሮት ይሄዳልና። በመንደሩ መካከል ከዝናብ በተጠለለ ጣራ ሥር በማይቈለፍ ስፍራ ይሰቀል፤ በአጠገቡም የዚያ በዓል ተረኞች የስምንቱ ሰዎች ስም በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ።